ማኒላ ያለው ልጅ ለምን ዝም ይላል?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የምሠራው ግን ከቤቴ ሆኜ ለአንድ የውጭ ድርጅት ነው፤ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ቡድን እመራለሁ። አንዱ ልጅ ማኒላ፣ ሁለቱ በርሊን፣ አንዷ ቶሮንቶ ናቸው። አንዳቸውንም በአካል አግኝቼ አላውቅም። ለበርሊንና ለቶሮንቶ ስለሚመች በእኛ ማታ 12 ሰዓት እንሰበሰባለን። የቶሮንቶዋ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻዋን ታወራለች። የማኒላው ካሜራውን አጥፍቶ ዝም። «ገባህ?» ስለው «አዎ» ይላል፣ ከሳምንት በኋላ የሚያመጣው ሥራ ግን ከተነጋገርነው ጋር አይገናኝም። አሁን አለቃዬ የእያንዳንዱን ሰው ስክሪን ፎቶ እያነሳ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር እንጫን እያለኝ ነው። ደስ አላለኝም፣ ግን ምን ልበለው? መብራት በስብሰባ መሀል ሲጠፋ ቡድኑ ያለ መሪ ይቀራል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ ማፍጠሪያ ላይ ይወድቃል። ምን ይሻለኛል?

ታናሽ እህትዎ፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ የችግርሽ ግማሽ እዚያ ነው። ማኒላ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። አንቺ 12 ሰዓት ላይ ስትሰበስቢያቸው እሱ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ፣ በሰው ቋንቋ ተከራከር ሲባል ካሜራውን ቢያጠፋ አይፈረድበትም። ስብሰባውን ወደ ቀኑ 9 ሰዓት አምጪው። በእኛ ክረምት ማኒላ ምሽት 2፣ በርሊን ቀን 8፣ ቶሮንቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል። ማፍጠሪያውንም አይነካም። በርሊንና ቶሮንቶ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ ያውም በተለያየ ቀን፤ እኛና ፊሊፒንስ አንቀይርም። ስለዚህ በጥቅምትና በመጋቢት አካባቢ ልዩነቱ ስለሚዘበራረቅ ቀድመሽ አስታውሻቸው። ብርዳቸው ሲገባ የቶሮንቶዋ ጠዋት 1 ሰዓት መግባት ይኖርባታል። ትግባ፣ እስከዛሬ የማኒላው ነው ያመሸው።

«ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። ሰው ፊት «አልገባኝም» የሚል ጥቂት ነው፣ እኛም አገር ያው ነው። «ምን ልትሠራ እንደሆነ በራስህ አባባል ጽፈህ ላክልኝ» በይው። አጀንዳውን አንድ ቀን ቀድመሽ ላኪ፣ የሁሉንም ሐሳብ በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ስብሰባውንም እሱ ከጻፈው ጀምሪ። የሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩሏ ፕሮፌሰር ፀዳል ኒሊ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ዓለም አቀፍ ቡድኖች ስትጽፍ፣ ቋንቋው የሚቀናው ሰው ረጋ እንዲል፣ የማይቀናው እንዲደፍር፣ መሪው ደግሞ ሁለቱን እንዲያመዛዝን ትመክራለች። የቶሮንቶዋን ለብቻዋ አነጋግሪያት። ክፉ ሆና አይመስለኝም፣ ዝምታው ጨንቋት ይሆናል የምትሞላው።

ሶፍትዌሩን በፍጹም አትቀበዪ። ለአለቃሽ እንዲህ በይው፦ ልጁ እኮ ሠርቷል፣ የሠራው ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑን ብናነሳው ኖሮ የምናየው ተግቶ ሲሠራ ነበር። ፎቶው ሰውዬው መቀመጡን ያሳያል፣ ትክክለኛውን ሥራ መያዙን አያሳይም። በምትኩ ሥራውን በሁለትና በሦስት ቀን የሚያልቁ ቁርጥራጮች አድርጊው፣ እያንዳንዱ «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ ጻፊ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጪው። ስህተቱ ከሳምንት በኋላ ሳይሆን በማግስቱ ይታያል። አለቃሽም የሚፈልገውን ቁጥጥር በዚህ ያገኛል።

መብራቱን አታፍሪበት፣ በግልጽ ንገሪያቸው። ስትጠፊ ከበርሊኖቹ አንዱ ስብሰባውን እንዲቀጥል ከወዲሁ ተስማሙ። ውሳኔው በዚያው ቀን ይጻፍ፣ ያኔ ያመለጠሽን መብራት ሲመጣ ታነቢዋለሽ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ጋ ለብቻሽ ደውዪ። ለአንቺ ጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ ቀን 8 ነው። ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቂው፣ እንደ ወሎ ሰላምታ ሳትቸኩዪ። አዲሱን ሰዓት ለቡድኑ የምትነግሪው እሱ ይመቸኛል ካለሽ በኋላ ይሁን።