ገንዘቡ የሚመጣው ከማን ኪስ ነው?

ውድ እህቴ፣

በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ሥራ መቆየትሽን፣ ቤት ተቀምጠሽ በኢንተርኔት ማስታወቂያ እየለጠፍሽ ገቢ የምታገኚበት ሥራ አጎትሽ እንዳመጣልሽ፣ ለመመዝገቢያውም እናትሽ ያጠራቀመችውን ልትሰጥሽ መዘጋጀቷን ገልጸሽ «ልክፈል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ አትክፈዪ ነው፤ ይህ ጥሪ ነገ በሌላ ስም ተመልሶ ስለሚመጣ ግን ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ኦዲተር ነበርኩ። መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ትርፉ መጠን ሳይሆን ገንዘቡ ከማን እንደመጣ ነበር። ማስታወቂያ መለጠፍ እውነተኛ ሥራ ከሆነ፣ በማስታወቂያው የሚጠቀምና ለዚያ የሚከፍል ደንበኛ መኖር አለበት። የላክሽልኝን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አዲስ ሰው ስታስመዘግቢ ስለሚከፈልሽ ኮሚሽን በሰፊው ሲያትት ስለ ደንበኛ አንዲት ቃል አይናገርም። ደንበኛ ከሌለ ሊከፈልሽ የሚችለው ገንዘብ ከአንቺ በኋላ የሚመዘገቡት ሰዎች የሚያዋጡት ብቻ ነው።

ቴሌክስፍሪ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ሲሸጥ ነበር። 289 ዶላር ከፍሎ ማስታወቂያ ለሚለጥፍ ሰው በሳምንት 20 ዶላር፣ 1,375 ዶላር ለከፈለ ደግሞ በሳምንት 100 ዶላር እንደሚሰጥ ቃል ይገባ ነበር። እንደ ሒሳብ ባለሙያ አስቢው፤ 289 ዶላር በዓመት 1,040 ዶላር ያመጣል ማለት ነው። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የእናትሽን ቁጠባ ምን ያደርግለታል? ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ከስሮ ክስ ተመሠረተበት፤ ከመሪዎቹ አንዱም በ2017 የ6 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከመሪዎቹ ክፋት ባሻገር ስሌቱ ራሱ አያስኬድም፤ እያንዳንዱ ሰው 6 ሰው ብቻ ቢያስመዘግብ እንኳ በ13ኛው ረድፍ ላይ ከ13 ቢሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ ደግሞ ይህን ያህል ሰው የለም።

«አጎቴ ግን ተከፍሎታል» ብለሻል። ቀድመው የገቡት ከኋለኞቹ መዋጮ ስለሚከፈላቸው፣ መከፈሉ ስለ ሥራው እውነተኛነት ምንም አያረጋግጥም። አጎትሽን በክፉ አላየውም፤ ነገር ግን አንቺ ስትመዘገቢ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው በዚህ ጉዳይ አማካሪሽ ሊሆን አይችልም። እናትሽም ገንዘቧን የምትሰጥሽ ስለምትወድሽ እንጂ ሥራውን ስለመረመረችው አይደለም፤ ስለዚህ መመርመሩ የአንቺ ኃላፊነት ነው። ቤተሰብን ላለማስቀየም ብሎ የእናትን ጥሪት መክፈል አክብሮት አይባልም።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ የንግድ ዕድል የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ፣ ተከሶ እንደሆነ፣ ገንዘብ ስለ መመለስ ያለውን ደንብና ሥራውን ከእሱ የገዙ ሰዎችን አድራሻ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ስለ ገቢ ቃል ከገባም ማስረጃውን እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉ በምትኖሪበት አገር ባይሠራም ጥያቄዎቹን ከመጠየቅ የሚከለክልሽ የለም። «ዛሬ ካልከፈልሽ ዕድሉ ያመልጥሻል» የሚል ሰው የማጣሪያ ጊዜ ሊነፍግሽ እየሞከረ ነው። «በባንክ ሒሳብሽ ገንዘብ ተቀብለሽ ለሌላ ሰው አስተላልፊ» ካሉሽ ደግሞ ነገሩ የወንጀል ተባባሪ ሊያደርግሽ ስለሚችል ወዲያውኑ ራቂ።

 

ቤት ሆነሽ መሥራት ከፈለግሽ ሙያው በእጅሽ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት አነስተኛ ነጋዴዎች መዝገባቸውን በየወሩ እንድታስተካክዪላቸው ጠይቂ። ክፍያው መጀመሪያ ትንሽ ይሆናል፤ የሚከፍልሽን ሰው ግን ታውቂዋለሽ፣ የሚከፍልሽም ለሠራሽው ነው።

አጎትሽን ካገኘው ገንዘብ ስንቱ ከደንበኛ፣ ስንቱ ካስመዘገባቸው ሰዎች እንደመጣ ጠይቂውና መልሱን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።