ጀግኖቹ ባልና ሚስት እንዴት ይታረቁ?

ጥያቄ፦ ልዩ ኃይል ስላላቸው፣ ግን ተለያይተው ስለሚኖሩ ባልና ሚስት ኮሚክ እየሳልኩ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ሰው ለማዳን ተገናኝተው ቢታረቁ ያሳምናል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አቦ ወንድሜ፣ ጎርፉ ያገናኛቸው እንጂ አያስታርቃቸው። በማርቬሉ ኮሚክ በ«ፋንታስቲክ ፎር» ጀግናዋ ሱ ከባሏ ከሪድ የተለየችው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ የልጃቸውን አእምሮ ስላደነዘዘባት። በ1974 የባሕር ውስጡ ንጉሥ ኔሞር የውሸት ወረራ አቀነባብሮ አገናኛቸው። ዘዴው ደስ ይላል፤ እኔ ግን ልቤ ከልጁ ጋር ቀርቷል፤ የእናት ቁስል በጦርነት አይሽርም። አንተ ባልየውን ጭቃው ሳይደርቅ የበደለውን አንድ በአንድ አናዝዘው። እሷም ቶሎ እሺ አትበል። ደቻቱን ደግሞ ለጌጥ እንዳትስለው፤ በ1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ሰው ከነእንቅልፉ ወስዷል፣ የድሬ ሰው ይቀየምሃል።