የመጀመሪያው የአፍሪካ ወርቅ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በቴሌግራም ከጓደኞቼ ጋር የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ እንጠያየቃለን። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ማን ነው? እኔ አበበ ቢቂላ ነው እላለሁ። እነሱ ደቡብ አፍሪካዊ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ እነሱ ልክ ናቸው። ሬጂ ዎከር በ1908 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ 100 ሜትር አሸንፏል። ግብፃውያንም በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ወስደዋል። አበበ ግን በ1960 ሮም ላይ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ባለወርቅ ሆነ። ያውም በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ! ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይሞላል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። በሚቀጥለው ዙር «የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውስ?» ብለህ ጠይቃቸው። እዚያ ላይ ክርክር የለም።