ረዳት አሰልጣኝ ልሆን ነው፤ ሥራዬ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ከ8 እስከ 11 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በሚሰጥ የቅርጫት ኳስ ስልጠና ላይ ረዳት አሰልጣኝ እንድሆን ተጠይቄያለሁ። ለትምህርት ቤቴ ቡድን ሦስት ዓመት ከመጫወቴ በቀር ሌላ ልምድ የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ልምምዱን ሄጄ ስመለከት አንድ ጎበዝ ልጅ ኳስ ከያዘ ለማንም አያቀብልም፤ አንዲት ልጅ ደግሞ ኳስ በደረሳት ቁጥር እሳት እንደነካት ሁሉ ቶሎ ትወረውረዋለች። ዋናው አሰልጣኝ «እያየሽ አግዢ» ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። ሥራዬ በትክክል ምንድን ነው? ፊሽካስ ልግዛ?
ግራ የገባት ረዳት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «እያየሽ አግዢ» የሚለው መመሪያ ሲሰሙት ቸልታ ቢመስልም የሥራዎ ትልቁ ክፍል «እያየሽ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ዋናው አሰልጣኝ ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ሲመሩ የሚታያቸው ቡድኑ ነው፤ የአንዷ የጫማ ማሰሪያ መፈታቱን፣ አንዱ ኳሱን በመዳፉ እየመታ መሆኑን፣ ሌላው ተራው ሊደርስ ሲል ሹልክ ብሎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ መመለሱን ልብ ለማለት ፋታ የላቸውም። ስለዚህ ከእሳቸው ጎን አይቁሙ። ከሜዳው ሌላኛው ጫፍ ሆነው፣ ከጀርባዎ አንድም ልጅ ሳያስቀሩ፣ እሳቸው የማያዩትን ይዩላቸው።

መናገርን በተመለከተ ግን ይቆጠቡ። እኔ ረዳት በነበርኩበት የመጀመሪያ ሳምንት አሰልጣኛችን ልጆቹ በሁለት እግር በአንድ ጊዜ አርፈው እንዲቆሙ ሲያስተምሩ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ «ግራ፣ ቀኝ» እያልኩ በሁለት እርምጃ መቆምን አሳይ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ይሁንና አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኳሱን አቅፎ መሃል ሜዳ ላይ ቀጥ አለና፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየ፣ «የማንን ልስማ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከልምምዱ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስጄ የዕለቱ ትምህርት ምን እንደሆነና በየትኞቹ ቃላት እንደሚነገር እጠይቃለሁ፤ ልጆቹም ከሁለታችን አንድ ዓይነት ቃል ይሰማሉ።

ልጅን ሲያርሙም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት። ድሪብል ሲያደርግ፣ ማለትም ኳሱን መሬት ላይ እያነጠረ ሲሄድ፣ አንገቱን ደፍቶ ኳሱን ብቻ የሚያይ ልጅ ቢያጋጥምዎ «ቀና በል» እያሉ ከመጮኽ ከፊቱ በርከክ ብለው ጣቶችዎን ያንሱና ስንት እንደሆኑ ይጠይቁት። መጀመሪያ «ሦስት» ሲል ኳሱ ከጫማው ጋር ተላትሞ ያመልጠዋል፤ ሮጦ ያመጣውና ይቀጥላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ኳሱን በጣቶቹ ጫፍ እየተቆጣጠረ፣ ዓይኑን ከእጅዎ ሳይነቅል መቁጠር ይጀምራል። ስለ መዳፉና ስለ ጉልበቱ ያለዎትን ምክር ለሌላ ቀን ያቆዩት።

እንዲያዩልን ከምንመኘው ሁሉ ዋናው ሰልፍ ነው። 12 ልጆች በአንድ ቅርጫት ፊት ቢሰለፉና እያንዳንዱ ወርውሮ ኳሱን እስኪመልስ 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ አንድ ልጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚወረውረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቆሞ፣ ጓደኛውን እየጎነተለ ያሳልፋል። በልጆች ልምምድ ላይ የሚታየው ረብሻ በአብዛኛው የባለጌነት ሳይሆን የመሰላቸት ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ። አሰልጣኙን አስፈቅደው ስድስቱን ልጆች ወደ ዳር ቢወስዱና ጥንድ ጥንድ አድርገው ቅብብል ቢያለማምዷቸው፣ የሁለቱም ወገን ልጆች ኳስ የሚነኩበት ጊዜ ወዲያውኑ ይጨምራል።

ስለ ሁለቱ ልጆች ያነሱትን ጥያቄ በአንድ ጨዋታ መመለስ ይቻላል፤ ለአምስት ደቂቃ ድሪብልን ይከልክሉ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር ካወጣቸው 13 ሕጎች አንዱ ተጫዋች ኳስ ይዞ መሮጥ እንደማይችል፣ ከተቀበለበት ቦታ መወርወር እንዳለበት ይደነግግ ነበር፤ ጨዋታው ሲወለድ የቅብብል ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ልጆቹን ሦስት ለሦስት አድርገው በዚህ ሕግ ሲያጫውቷቸው ጎበዙ ልጅ ያለ ጓደኞቹ የትም እንደማይደርስ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል። ኳስ የምትፈራዋ ልጅ ደግሞ የሚነጥቃት እንዳይመጣባት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተከላካይ እንዳይጠጋት ይደንግጉላት፤ አንዱን እግሯን ሳታነሳ በሌላው እየዞረች የሚቀበላትን ሰው መፈለግን ያሳዩዋት። ሰከንዶቹን ጮክ ብለው ይቁጠሩላት። ከቀናት በኋላ ቆጠራውን ቢተዉት ላይታወቃት ይችላል።

መሣሪያውንም ይመልከቱ። የአዋቂዎች ቅርጫት ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል፤ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ላልበለጠ ልጆች በወጣው የሚኒ ባስኬት ደንብ ግን ከፍታው 2.60 ሜትር፣ ኳሱም አነስ ያለው ቁጥር 5 ነው። ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ የአዋቂ ወንዶችን ቁጥር 7 ኳስ ሰጥተው ወደ ረጅሙ ቅርጫት እንዲወረውር ቢያዙት፣ ኳሱን ከወገቡ አንሥቶ በሙሉ ሰውነቱ ከማስፈንጠር በቀር ምርጫ የለውም፤ ይህ ልማድ ደግሞ ካደገ በኋላ በቀላሉ አይለቀውም። ቅርጫቱ ዝቅ የማይል ከሆነ ትንሿን ኳስ ሰጥተው ወደ ቅርጫቱ ያስጠጉት።

ስለ ደኅንነት አጠር አድርጌ ልናገር። ፀሐይ በበረታበት ቀን በየ15 እስከ 20 ደቂቃው ውሃ እንዲጠጡ ያሳስቡ፤ ራሱን ያመመው፣ የዞረበት ወይም ያቅለሸለሸው ልጅ ወደ ጥላ ገብቶ ያርፍ። ጭንቅላቱ ተመትቶ የአንጎል መናወጥ የሚያጠራጥርበት ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያን ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻዎን ሰው በማያይበት ቦታ አይሁኑ፤ ለልጆቹም በግል ስልክ መልእክት አይላኩ። ከሜዳው ዳር የሚጮህ ወላጅ ቢያጋጥምዎ ወደ ዋናው አሰልጣኝ በትሕትና ይምሩት እንጂ ክርክር አይግጠሙ።

ፊሽካውን አይግዙ። ሁለት ፊሽካ በሚነፋበት ሜዳ ልጆቹ በየትኛው እንደሚቆሙ አያውቁም። ገንዘብዎን ማውጣት ከፈለጉ ግን ሁለት ትርፍ የጫማ ማሰሪያና አንዲት ትንሽ የኳስ መንፊያ ይያዙ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል።