አቤቱታ ለምትጽፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንጀራዬ የሰው አቤቱታ ማንበብ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ነው የሠራሁት። ስንቱ እውነት ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ “ታዲያ ይህ ልጅ ምን ይደረግልኝ ነው የሚለው?” ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መበደሉ ይታያል፤ የሚፈልገው ግን የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እናንተ ደግሞ መናገር አታፍሩም፤ ይህን እወድላችኋለሁ። ነገር ግን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የወጣ ብሶት መዝገብ ቤት አይገባም። ቁጥር አይሰጠውም፤ ኃላፊውም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ቁጥር ለተሰጠው ደብዳቤ ግን መልሱን ቆማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። “ፍትሕ ይሰጠኝ” አይበቃም። ገንዘብ ይመለስልኝ? ስሜ ይስተካከል? ውሳኔው ይሻር? ያችን ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ “ጉዳዩ” የሚለው ቦታ ላይ አስቀምጧት። ብዙ ሰው “ጉዳዩ፡- አቤቱታ ስለማቅረብ” ብሎ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ አቤቱታ ነው፤ አንባቢው ከዚህ ምን ይይዛል?

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ልጅ ያመጣልኝን ላሳያችሁ። ሦስት ገጽ ነበር። አለቃው ሕሊና እንደሌለው፣ እናቱን እንደሚጦር፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚለፋ ጽፏል። ሁሉም እውነት ይሆናል። ኦቨርታይም እንዳልተከፈለው የተናገረው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ስንት እንደሆነም የለም። አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርን። ደሞዙ 10,400 ብር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በተለመደው ስሌት የወሩ ደሞዝ ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓቱ ይገኛል፤ የእሱ 50 ብር መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለሚሠራ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይላል። ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

“ጉዳዩ፡- ያልተከፈለኝ የኅዳር ወር 2017 የትርፍ ሰዓት ክፍያ ብር 3,100 እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ።
በኅዳር ወር በሥራ ቀናት ከመደበኛ ሰዓት በላይ 20 ሰዓት፣ እንዲሁም እሑድ ኅዳር 8 እና እሑድ ኅዳር 15 ቀን በድምሩ 16 ሰዓት በቅርብ ኃላፊዬ ትእዛዝ ሠርቻለሁ። ክፍያው 1,500 እና 1,600 ብር ሲሆን በኅዳር ወር ደሞዜ ውስጥ አልተካተተም። የሰዓት መቆጣጠሪያው ቅጂ 2 ገጽ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ክፍያው እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲፈጸምልኝ፣ የማይፈጸም ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።”

አለቀ። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ይህን ሲያይ ካልኩሌተሩን ከማንሳት ሌላ የሚያደርገው የለም። እናትየዋ ከደብዳቤው ወጥታለች፤ ጭካኔ እንዳይመስላችሁ። የሠራበት ገንዘብ እናቱን ባይጦርም ይገባዋል።

ስድብን በተመለከተ አጭር ልሁን። “ሌባ”፣ “ሙሰኛ” የሚል ቃል ማስረጃ ሳትይዙ ከጻፋችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ተበዳዩ ተከሳሽ ይሆናል። ደግሞ ደብዳቤውን የሚያነበው ብዙ ጊዜ የበደላችሁ ሰው አይደለም፤ የማያውቃችሁ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሊረዳችሁ የሚችለውን ሰው በገዛ እጃችሁ አታስቀይሙት። የዚህ ተቃራኒም አለ። “እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ” አትበሉ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የሰፈረ መብታችሁ ነው። “በአክብሮት እጠይቃለሁ” ይበቃል።

ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያውቁ አሉ፤ ክፉ አልናገራቸውም። ግን ቀኑንና ቁጥሩን እናንተው ጽፋችሁ ስጧቸው። ከኢንተርኔት የተቀዳ ናሙናም እንደዚሁ ነው፤ የሌላ ሰው ስም እንዳለ ቀርቶበት የመጣ ደብዳቤ በእጄ ገብቷል።

ግልባጭ ላይ ወጣቶች ትሳሳታላችሁ። ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ለሚኒስቴሩም፣ ለከንቲባውም፣ ለሚዲያውም ግልባጭ ትላላችሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ያስቀምጠዋል። የቅርቡ ኃላፊም ተከሰስኩ ብሎ መከላከያ ይፈልጋል። መጀመሪያ ለሚመለከተው ብቻ ጻፉ። የሰጣችሁት ቀን ሲያልፍ ሁለተኛውን ከፍ ላለው አካል ጽፋችሁ የመጀመሪያውን አያይዙ። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔው በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሆን ያዛል፤ “በቃል ነግረንሃል” ቢሏችሁ ይህን ጥቀሱ። ከዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም።

አሁን ከሁሉ አጥብቄ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። “ግድ የለም፣ ለኃላፊው እሰጥልሃለሁ” ቢሏችሁ በትህትና ቆማችሁ ጠብቁ። ገቢ ያልሆነ ደብዳቤ ነገ “አልደረሰንም” ይባላል፤ ስንት ጊዜ ሲባል ሰምቻለሁ። ዋናውን ደረሰኝ ወይም ዋናውን ውል ደግሞ ለማንም አትስጡ። ቅጂ ይበቃል።

ቀኑን ደግሞ ቁጠሩ። የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የምትጠይቁት በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ነው። የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ከሥራ ተሰናብታችሁ ልመለስ የምትሉ ከሆነ ያላችሁ 3 ወር ብቻ ነው። ለአሠሪው ደብዳቤ ስለጻፋችሁ ብቻ ይህ ጊዜ አይቆምላችሁም። “ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” እየተባላችሁ ሁለተኛው ወር ካለቀ፣ ገቢ የሆነውን ቅጂ ይዛችሁ የሥራ ክርክር ወደሚያየው ፍርድ ቤት ሂዱ።