ጀርመን ውስጥ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ መውጣት ለጠየቁት እኅት

እኅቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። እምድብር አካባቢ በካቶሊክ ቤት እንዳደጉ፣ ኮሎኝ ከመጡ ወዲህ በየወሩ የቤተ ክርስቲያን ግብር እንደሚቆረጥብዎት፣ እምነቱ ከልብዎ ከወጣ ግን ዓመታት እንዳለፉ ጽፈዋል፤ «እንዴት ልውጣ? ከወጣሁስ በኋላ ወዴት ልሂድ?» ብለውም ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎት ወንድሞችና እኅቶች ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ይዘው እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ደጅ ጠርተውዎታል። እኔ ያለፍኩት በዚሁ በእርስዎ መንገድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር።

አንደኛ፣ የግብሩን ነገር በትክክል ይወቁት። «ከደመወዜ 9 በመቶ ይወስዱብኛል» ብለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። 9 በመቶው የሚሰላው ከደመወዝዎ ሳይሆን ከገቢ ግብርዎ ላይ ነው፤ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ ክፍላተ ሀገር ደግሞ 8 በመቶ ነው። በወር 300 ዩሮ የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሚከፍለው 27 ዩሮ ነው ማለት ነው፤ እርሱንም ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዎን ሲያቀርቡ ከሚቀነሱ ወጪዎች ጋር ማስመዝገብ ይችላሉ። በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ «ኤር-ካ» ተብለው የሚነበቡ ሁለት ፊደላት አሉ፤ ሮማዊ ካቶሊክ ለማለት ነው። በግዕዝ ሥርዓት ያደግን ሰዎች ራሳችንን «ሮማዊ» ብለን ባንጠራም፣ ከሮም ጋር ኅብረት ስላለን በጀርመን መንግሥት ዘንድ ያው ነን። አገሩ እንደገባሁ በምዝገባው ቢሮ «ሃይማኖትዎ?» ተብዬ ስጠየቅ ደረቴን ነፍቼ «ካቶሊክ» አልኩ፤ ፊደላቱ የተጻፉት በዚያች አንድ ቃል ነው። አብሮኝ የተመዘገበው ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም። እንግዲህ የሚወጡት ለገንዘቡ ከሆነ በግልጽ ለገንዘቡ ብለው ይውጡ፤ ነውር የለውም፤ ሃይማኖት ፍለጋ የሚል ስም ሰጥተውት ግን ራስዎን አያድክሙ።

ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት የሥራ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። በካቶሊክ ተቋም ሥር ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ እንደሚሠሩ በጥያቄዎ መጨረሻ በአንድ መስመር ጠቅሰው አልፈዋል፤ ለእኔ ግን ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ነገር እርሱ ነው። የጀርመን ጳጳሳት የሠራተኛ ደንባቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያሻሽሉ የሠራተኛውን የግል ኑሮ፣ ማለትም ፍቺውንና ሁለተኛ ጋብቻውን፣ የስንብት ምክንያት ከመሆን አውጥተውታል፤ ከቤተ ክርስቲያን መውጣትን ግን እንዳለ ትተውታል። ፍቺ የፈጸመች ነርስ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ በፍርድ ቤት «ወጥቻለሁ» ብላ የፈረመችው ግን ልትሰናበት ትችላለች። እንዲህ ያለው ስንብት በፍርድ ቤት የሚያከራክር ቢሆንም፣ ክርክሩ እስኪያልቅ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ጓደኞቼ ፈሪ ቢሉኝም እኔ በከተማው አስተዳደር ሥር ባለ መንከባከቢያ ሥራ አግኝቼ፣ ውሉን ፈርሜ፣ የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው የወጣሁት። የመኖሪያ ፈቃድዎ ከሥራዎ ጋር የተያያዘ ከሆነማ ይህን ነገር ደጋግመው ያስቡበት።

ሦስተኛ፣ መውጣቱ ራሱ ከሁሉም ይቀላል። እርስዎ ባሉበት በኖርድራይን ቬስትፋለን የሚወጣው በወረዳው ፍርድ ቤት፣ በእነርሱ አጠራር በአምትስገሪሽት ነው፤ በባየርን ግን ጋብቻና ልደት በሚመዘገብበት በስታንደስአምት ነው። ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይይዛሉ፣ ፓስፖርትዎንና 30 ዩሮ ይዘው በአካል ይቀርባሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። ምክንያት የሚጠይቅዎት የለም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ አድሬ ሄጄ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የአባቴን ስም በትክክል ለመጻፍ ብቻ ፊደል አስቆጠረኝ። የሚሰጥዎትን የምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክዎን ያስቀምጡት፤ ከተማ ሲቀይሩ ወይም በመዝገብ ላይ ስሕተት ሲገኝ «ወጥቻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃውን ማቅረብ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

አሁን ማንም ወዳልነገረኝ ነገር ልምጣ። ፍርድ ቤቱ መውጣትዎን ለቤተ ክርስቲያን ያሳውቃል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የጀርመን ጳጳሳት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት ደግሞ የሚኖሩበት ቁምስና (አጥቢያ) ኃላፊ ካህን፣ ማለትም ቆሞሱ፣ ደብዳቤ ይጽፍልዎታል። ደብዳቤው ለውይይት ይጋብዛል፤ አያይዞም የሚያጡትን ይዘረዝራል። ንስሐ መግባትና መቁረብ አይፈቀድልዎትም፣ ቀንዲልም ቢሆን ለሞት ካልተቃረቡ በቀር አይቀቡም፣ ክርስትና እናት መሆን አይችሉም፣ ከመሞትዎ በፊት የመጸጸት ምልክት ካላሳዩም የቤተ ክርስቲያን ቀብር ሊከለከሉ ይችላሉ። ይህን ሁሉ አንብቤ «ይሁን» አልኩ። መውጣቱ በጥምቀት መዝገብ ላይም እንደሚሰፍር ግን አላወቅሁም። ጥምቀት አይፋቅም፤ በስሙ ጎን ማስታወሻ ይጻፍበታል። መዝገቡ ያለው ደግሞ እዚህ ሳይሆን በተጠመቁበት ቁምስና ነው።

የእኔ መዝገብ ያለው ጉራጌ አገር ነው። ወሬው እዚያ ደረሰ፤ እናቴም ነገሩን ከእኔ ሳይሆን ከቅዳሴ በኋላ ከቆሞሱ ሰማች። ስትደውልልኝ ለቅሶዋን ውጣ፣ «ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣላሽ?» አለችኝ። ከማንም ጋር አለመጣላቴን ላስረዳት ብሞክር አልገባትም፤ «እኔ ስሞትስ ማን ቅዳሴ ያሳርግልኛል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ለዚያ ቁምስና ዓመታዊ በዓል ሁልጊዜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ የማመጣው፣ ከበዓሉም በኋላ ወንበር ሰብስቤ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ያን ሁሉ ዓመት በስሜ ስትጠራኝ ኖራ፣ ያን ቀን ግን «ወይዘሮ» ብላ በአባቴ ስም ጠራችኝ፤ ተቀመጪም አላለችኝ። «እናቴ ሽማግሌ ናት፤ ለእኔ ሳትነግሩኝ ወደ አገር ቤት መጻፍ ምን የሚሉት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «ደንቡ ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም የቤተ ክርስቲያኒቱን ጋዜጣ ከእንግዲህ በፖስታ እንደማይልኩልኝ አስታወቀችኝ። ደንቡ እውነትም ደንብ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ሰውን ቆሞ እንዲሰማው የሚያዝዝ አንቀጽ ግን አላገኘሁበትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ጀርመን ውስጥ 522,821 ሰዎች ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል፤ በ2023ም ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። ለአብዛኞቹ ጀርመኖች ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ የሚያለቅስባቸው ዘመድ የለም፣ ፍትሐት ይቀርብናል ብሎ የሚጨነቅም እምብዛም ነው። የእኛ እንደዚያ ስላልሆነ፣ ለፍርድ ቤቱ ቴርሚን ከመደወልዎ በፊት ለእናትዎ ይደውሉ። ይቆጡ፣ ያልቅሱ፤ ብቻ ከእርስዎ አንደበት ይስሙት።

አራተኛው ወዴት ይሂዱ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ምክር ከምሰጥ የሆንኩትን ብነግርዎት ይሻላል። እኔን ያስወጣኝ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ነው። ጳጳሳቱ ራሳቸው ያስጠኑት ይህ ጥናት፣ ከ1946 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት 1,670 ካህናትና ዲያቆናት 3,677 ሕፃናትንና ወጣቶችን በወሲብ በማጥቃት መወንጀላቸውን ከመዝገብ አውጥቶ አሳየ። ቁጥሩ አስደንግጦኝ ወደ ቆሞሳችን ሄድኩ፤ «ሚዲያው ነው የሚያጋንነው» የሚል መልስ ሲሰጠኝ ግን ልቤ ያን ጊዜ ወጣ። ወረቀቱ የተከተለው ከዓመታት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ቅዳሴው የልጅነቴ ቅዳሴ ነው፤ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲባል «ምስለ መንፈስከ» ብዬ ከጎኔ ካሉት ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ የት እንደተማርኩት የጠየቁኝም ነበሩ። አንድ አረጋዊ ቄስ አስቀምጠው በትሕትና አስረዱኝ፦ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከተለያዩ ወዲህ እምነታቸው አንድ ስላልሆነ፣ ተምሬ መጠመቅ ይኖርብኛል። ስላላታለሉኝ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። በ80 ቀኔ እናቴ ታቅፋ ያስጠመቀችኝን ጥምቀት እንዳልነበረ ቆጥሬ እንደገና መጠመቅ ግን አልቻልኩም፤ በተለይ ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ። እርስዎ ይህ የማይከብድዎት ከሆነ ከሁሉም የሚቀርብዎት ቤት ይህ ይመስለኛል። በር ላይ የሚያስተናግዱት ሁሉ እንደ አረጋዊው ቄስ እንዳይመስሉዎት እንጂ፤ አንዱ ወጣት ባየኝ ቁጥር «የሱስንዮስ ልጅ መጣች» እያለ ያስቅ ነበር። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጆ፣ አገሩ በደም ሲታጠብ ዙፋኑን እ.ኤ.አ. በ1632 ለልጁ ለፋሲል ለቆ የሞተ ንጉሥ ነው። ስለ እርሱ ዛሬ እኔ እንድጠየቅ መደረጉ ሲገርመኝ ይኖራል።

ቀጥዬ በኪራይ አዳራሽ ከሚሰበሰቡ የሐበሻ ወንጌላውያን ጋር ጸለይኩ። ደግነታቸውን አልክድም፤ በታመምኩ ጊዜ ምግብ አመላልሰውልኛል፣ ቤት ስቀይር ዕቃዬን ተሸክመውልኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መድረክ ላይ ወጥቼ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠየቅሁ፤ የምናገረውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። «ከጨለማ ወጣሁ» እንድል፣ መቁጠሪያዬንም አምጥቼ በሕዝቡ ፊት እንድጥለው ነበር የተፈለገው። መቁጠሪያው እናቴ ከአገር ስወጣ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ ነው፤ የእንጨቱ ፍሬዎች በእርሷ ጣት አልቀው ለስልሰዋል። ዛሬ አልጸልይበትም፤ ቢሆንም ለማንም ጭብጨባ ብዬ መሬት ላይ አልጥለውም። እንቢ ስል «ገና አልተፈታችም» ተባለልኝ፤ በየቀኑ ይደውሉ የነበሩትም ቀስ በቀስ ጠፉ። አዲሱ ቤት የቀድሞውን እንዲሰድቡ የመግቢያ ዋጋ ከጠየቀዎት አይክፈሉ።

በመጨረሻ የገባሁት በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በአገራችን የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያለችበትን የሉተራን ወገን ጭምር ያቀፈች ናት። የካቶሊክ ጥምቀትን ይቀበላሉ። የጥምቀትና የመውጫ ምስክር ወረቀቴን አቀረብኩ፣ ከመጋቢዋ ጋር ቡና እየጠጣን ተነጋገርን፣ ፈረምኩ። ከዚያም በደመወዝ ወረቀቴ ላይ «ኤር-ካ» ጠፍታ «ኤ-ፋው» መጣች፤ ግብሩም ያው 9 በመቶ። አዎን፣ ዛሬም እከፍላለሁ። ለገንዘብ ብላ ወጣች ያሉኝ ሰዎች የደመወዝ ወረቀቴን እንዲያዩልኝ እወድ ነበር። ደግሞም ከክፉ ሸሽቼ ንጹሕ ቤት አገኘሁ ብዬ አላታልልዎትም፤ በጥር 2024 የወጣው የወንጌላውያኑ የራሳቸው ጥናት ቢያንስ 2,225 ተጠቂዎችንና 1,259 ተጠርጣሪዎችን ቆጥሯል። ያን እሑድ መጋቢዋ ቁጥሩን ከመድረክ ላይ አንብባ፣ ቀጥላም ጥያቄ ያለው ሁሉ በአዳራሹ እንዲቆይ ጋበዘች፤ እኔም ቆየሁ፣ ብዙም ጠየቅሁ። የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ልጅዎ የጠየቁት ሊቀረኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በሚሠራው የጀርመን ሕግ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ሃይማኖቱን ራሱ ይመርጣል፤ 12 ዓመት ከሞላው ደግሞ ያለ ፈቃዱ ወላጆቹ ሊያስቀይሩት አይችሉም። ሴት ልጅዎ 12 ዓመቷ መሆኑን ስለጻፉ አብረው ከማስመዝገብዎ በፊት ይጠይቋት። የእኔ ልጅ በ13 ዓመቱ «እኔ አልወጣም» ብሎኝ፣ አሁንም በዚያው ጸሐፊዋ «ደንቡ ነው» ባለችበት ቁምስና በቅዳሴ ያገለግላል፤ እሑድ እሑድ እርሱን በር ላይ አድርሼ ወደ ራሴ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ለቴርሚኑ ጀርመንኛው ከከበደዎት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ ከሥራ ነፃ በሆንኩበት ቀን አብሬዎት እሄዳለሁ።