ወንድሜ «እግዚአብሔር የለም» ይላል፤ ለሠርጉ ብሎ ቢቆርብ ምን አለበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። አብረን ሰንበት ትምህርት ቤት አድገናል፤ ልጅ ሳለ ድቁና ለመቀበል ይመኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን እግዚአብሔር የለም ብሎ ነገረኝ። ሐሳቡንም በረጅም ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ሲጠቃለል ሦስት ነገር ይላል። የማይታይና የማይለካ ነገር አለ ብዬ አልቀበልም፤ ጋኔን፣ ቡዳ፣ ተአምር የምትሉት ወይ ሕመም ነው ወይ ማታለል፤ ሃይማኖት ሰውን ያጣላል፣ ድኻውን ያስፈራራል፣ ያለ እርሱም ሰው ደግ መሆን ይችላል። እናታችን ይህን አታውቅም። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፤ እናቴ በተክሊል ካልሆነ ብላለች። እርሱ «ለእማዬ ብዬ እቆርባለሁ፤ ለእኔ እንደሆነ ኅብስት ነው» አለኝ። አጎታችን ደግሞ መንፈስ ነው፣ አስረንም ቢሆን ጸበል እንውሰደው ይላል። እኔም ልወልድ ተቃርቤያለሁ፤ ወንድ ከሆነ ክርስትና አባቱ ወንድሜ እንዲሆን አስቤ ነበር። ምን ላድርግ? ወለተ ማርያም።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ስላለ ከእርሱ ልጀምር። ወንድምሽ በዚህ ሐሳቡ እያለ መቁረብ የለበትም። ለእናቱም ብሎ፣ ለሠርጉም ብሎ አይሆንም። «ለእኔ ኅብስት ነው» ብሎ እቅጩን የነገረሽን ሰው ወደ ቅዱስ ቁርባኑ ብትገፉት፣ ሐዋርያው «ሳይገባው ይህን እንጀራ የበላ ወይም የጌታን ጽዋ የጠጣ ሁሉ የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ አለበት» (1ኛ ቆሮ. 11፥27) ያለው ዕዳ በእርሱ ብቻ አያበቃም፤ እያወቀ ያቀረበውም ይጠየቅበታል። ተክሊል ደግሞ ከቁርባን ተለይቶ አይፈጸምም። «ተክሊሉን እናድርግ፣ ቁርባኑን በዘዴ እናሳልፈው» የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበዪ።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። ሙሽራይቱ ታውቃለች? ካላወቀች ከሠርጉ በፊት ከራሱ አፍ መስማት አለባት፤ ከአንቺም ከሐሜትም አይሁን። ምእመን ከሆነች ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ ትወስን። አንዲትን ልጅ የማያምንበትን ቃል እየሰጣት መሠዊያ ፊት ማቆም የጋብቻውን መሠረት ገና ሳይጀመር ማፍረስ ነው። አውቃና ፈቅዳ አገባዋለሁ ካለች፣ በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ የጸና ነው። ይህ ጋብቻ ምሥጢረ ተክሊል ነው አልልሽም፤ አይደለምም። ነገር ግን ነገ ወደ እምነቱ ቢመለስ በንስሐና በቁርባን የሚቀናበት መንገድ አለ። በውሸት የተፈጸመ ተክሊል ግን ጭራሽ የሚመለስበትን በር ያጠብበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ለይስሙላ የምትመች ቦታ እንደሆነች እኛው በእጃችን አሳየነው ማለት ነውና።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ቤተሰብ እዚሁ ላይ ሲሰናከል ስለማይ ነው። ልጁ አላምንም ሲል አንዱ ወገን እንደ ነውር ይሸፍነዋል፣ ሌላው ወገን እንደ ጋኔን ሊያስወጣው ይነሣል። የሚሰማው የለም። ብዙዎችም ወዲያው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የምትለውን የመዝሙር ቃል (መዝ. 13፥1) አንሥተው ይወረውሩበታል። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አንብቢው እስቲ። ዳዊት ወዲያው የሚዘረዝረው የእነዚያን ሰዎች ሥራ ነው፤ ረከሱ፣ በጎ ነገር የሚሠራ የለም፣ ሕዝቤን እንጀራ እንደሚበላ ይበላሉ ይላል። «በልቡ» ያለውም በአፉ እግዚአብሔርን እየጠራ ድኻ የሚበላውን ሰው ጨምሮ ይይዛል። በጠበልና በጻድቅ እየማለ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክል ሰው ከወንድምሽ ይልቅ ለዚህ ቃል ይቀርባል። ወንድምሽ ያለውን በግልጽ ተናግሯል፣ ጽፎም ሰጥቷል፤ ሊነጋገር ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን መልሰሽ አንብቢው፤ ስታነቢም በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ይህን እኛም እንክደው የለ?» ብለሽ ጠይቂ። አባቶቻችን ስለ አብርሃም የሚያስተምሩትን ታውቂዋለሽ። አባቱ ታራ ጣዖት ሽጥ ብሎ ሲልከው «ዓይን እያለው የማያይ፣ ጆሮ እያለው የማይሰማ ጣዖት የሚገዛ» እያለ ገበያ ለገበያ ዞረ። ከዚያ ተራራውን፣ ባሕሩን፣ እሳቱን፣ ነፋሱን፣ ፀሐይን በየተራ መረመረ፤ አንዱን ሌላው ሲያሸንፈው አየ፤ በመጨረሻ «የፀሐይ አምላክ ተናገረኝ» አለ። እግዚአብሔር የተናገረው ያን ሁሉ «ይህም አምላክ አይደለም» ካለ በኋላ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ክርስቲያኖች የሮምን አማልክት ስላልሰገዱላቸው «አምላክ የለሾች» ተብለው ይከሰሱ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ፣ ስለ እነዚያ ስለምትሏቸው አማልክት ከሆነ ክሱን እንቀበላለን፣ ስለ እውነተኛው አምላክ ግን አይደለም ብሎ መልሷል። ወንድምሽ ከአብርሃም መንገድ ግማሹ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መቆሙ ያሳዝናል፤ እስከዚያ የሄደበትን ግን አትሳደቢበት።

የመጀመሪያውን ነጥብ እንየው። የማይታይ፣ የማይለካ ይላል። በቅዳሴ ማርያም አባ ሕርያቆስ ለመለኮት ላይና ታች፣ ቀኝና ግራ፣ ወርድና ቁመት የለውም ሲል በየጊዜው ትሰሚያለሽ። እግዚአብሔር በዓለም ውስጥ ካሉት ነገሮች እንደ አንዱ ተፈልጎ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ፍጡር በሆነ ነበር። ወንድምሽ በመለኪያ ፈልጎ ያጣው ያ አምላክ እኛም የማናመልከው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ምእመናን የሚሠሩት ስሕተት ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ቦታ እየፈለጉ «እንግዲህ ይህን ማን ሠራው?» ማለት ነው። ነገ ምክንያቱ ሲታወቅ የልጁ እምነት አብሮ ይወድቃል። ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ሰው ስለ ዝናብ ማመስገን አያቅተውም፤ መዝሙረ ዳዊት 103ን እያነበቡ ያደጉ ሊቃውንት ምንጩን፣ ሣሩን፣ አንበሳውን ሁሉ በየሥርዓቱ እያዩ ነው ያመሰገኑት።

ሁለተኛው ላይ ግን ረዘም ላድርግ፤ ወንድምሽን ያስቀየመው ይህ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ርኩሳን መናፍስት እንዳሉ ታምናለች፤ ይህን ለማንም ብዬ አላለዝበውም። ነገር ግን በሽታ ሁሉ ጋኔን ነው የሚል ትምህርት የላትም። ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር «አጋንንትም ያደሩባቸውን፣ በጨረቃም የሚነሣባቸውን፣ ሽባዎችንም» (4፥24) ብሎ ለያይቶ ነው የጻፈው። ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጥሯል ይለናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወስደን ወይስ ጸበል ጠጥተን የሚለው ጭንቀት ብዙ ሰው በፈጀበት ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። ይህ እየታወቀ ዛሬም የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ጸበል ስትገባ ኪኒኗን የሚያስቆሙ አሉ። ፊኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ይገድላልም። ስትወድቅ ክብሪት እየጫሩ ማሽተትም መድኃኒት አይደለም። ወደ ጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሷት፤ ጸሎቱንም እዚያው እየሄዳችሁ ጸልዩ።

ቡዳ የሚባለውማ ከዚህ የከፋ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤላውያንን «ሰው ይበላሉ» እያሉ ስንት ትውልድ አንገት አስደፉ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንድምሽ ይህን ሲክድ «ልክ ነህ» በዪው። ከዚያ በስልክ የሚዞሩትን ምስሎች አስቢ። ሰው እየጮኸ፣ ልብሱ ከላዩ እየወደቀ፣ ማይክሮፎን አፉ ላይ ተደቅኖ ጋኔኑ «የማን መንፈስ ነህ? ማን ላከህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጋኔኑም የጎረቤትን ስም ይጠራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ጌታ በቅፍርናሆም ምኩራብ «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» (ማር. 1፥25) ነበር ያለው፤ በዚያው ምዕራፍ አጋንንቱ እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም ተብሎ ተጽፏል። እርሱ ዝም ያሰኘውን እኛ የምናናግረው በማን ሥልጣን ነው? የሐሰት አባት የተናገረውንስ ምስክር አድርገን ጎረቤት የምንከስበት? ወንድምሽ በዚህ ተሰናክሎ ከሆነ ጥፋቱ መጀመሪያ የእኛ ነው።

ለአጎትሽም መልሱ ከዚህ ይወጣል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የተኛውን መፃጉዕ፣ ውኃው አጠገብ ተኝቶ ሳለ፣ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ነው የጠየቀው (ዮሐ. 5፥6)። ፈቃዱን ያልጠየቁትን ጤነኛ ሰው አስሮ ወደ ጸበል መጎተት የጌታ መንገድ አይደለም። በሀገሪቱ ሕግም ያስጠይቃል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሰው በእምነቱ ጉዳይ እንዲገደድ አይፈቅድም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ወንድምሽ የጸበል ስም በሰማ ቁጥር የሚያስታውሰው ገመዱን መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነጥቡ ላይ አትከራከሪው፤ ያለ ሃይማኖት ሰው ደግ መሆን ይችላል ወይ ሲልሽ ይችላል በዪው። ሕገ ልቡናን የምናስተምረው ለምንድን ነው? ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ ያሳያሉ ይላል (ሮሜ 2፥14-15)። ደግነቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ባያውቅም ደግነቱ እውነተኛ ነው። ሃይማኖት ያጣላል ለሚለውም ያው ምዕራፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ «በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባልና» ይላል፤ ይህን ወቀሳ ከወንድምሽ በፊት ጳውሎስ ጽፎታል፤ ራስን ዝቅ አድርጎ መቀበል ነው። አንዳንዶች ወዲያው ደርግን ያነሣሉ። እውነት ነው፣ እምነትን ኋላ ቀርነት ያለው መንግሥት ቀይ ሽብርን አላስቀረም፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አስሮ በ1971 ዓ.ም. ገድሏቸዋል። ሃይማኖት ቢነሣ ደም መፋሰስ አብሮ ይነሣል ለሚል ሰው ይህ መታወስ አለበት። ግን በወንድምሽ ላይ እንደ ዱላ አታንሺው፤ ያን ያደረገው እርሱ አይደለም።

አሁን እንዴት ትነጋገሪው? ብቻችሁን ስትሆኑ፣ እናትሽ በሌለችበት፣ በጾም በዓል ግርግር ሳይሆን በተራ ቀን። መጀመሪያ መቼ እንደጀመረው ጠይቂው። ድቁና ሲመኝ የነበረ ልጅ በክርክር ብቻ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ ከኋላው የሞተ ሰው፣ ሰሚ ያጣ ጸሎት፣ ወይም ከአገልጋይ የደረሰ በደል አለ። እርሱን ከነገረሽ መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ፣ በዚያ ቀን ጥቅስም አትጥቀሺ። ሁለተኛ፣ «የካድኸው አምላክ ምን ዓይነት ነው? ንገረኝ» በዪው፤ የሚነግርሽን አምላክ አብዛኛውን አንቺም ሳታምኚበት ታገኚዋለሽ፤ ንግግሩ ከዚያ ይጀምራል። የማታውቂውን ጠይቄ እመጣለሁ በዪ። ተከራካሪ ሰባኪ ቤት ድረስ አታምጪበት፤ «አብረኸኝ ያደግህ ወንድሜ ነህ» የሚለውን ቃል ማንም ሊቅ በአንቺ ቦታ ሊናገርልሽ አይችልም። ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ካለ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ያለውን ግማሹን ቆርጠን እየጣልን ነው ብዙ ሰው ያጣነው።

ተአምር አይቶ ያምናል ብለሽም አትጠብቂ። ጌታ «ሙሴንና ነቢያትን የማይሰሙ ከሆነ፣ ከሙታን እንኳ አንድ ቢነሣ አያምኑም» (ሉቃ. 16፥31) ብሏል። ከማዕድም አትለዪው። በእናቱ ቤት በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ይዞ እንዳይገባ ቤቱን አክብር ማለት ይገባሻል፤ አብረን አንበላም ማለት ግን ሌላ ነው። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ካለ በኋላ ሐዋርያት አላባረሩትም። ዮሐንስ ከ8 ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ እንደነበሩ ጽፎ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። ያን ሁሉ ቀን ያላመነ ሰው ይዘው በአንድ ቤት መቆየታቸው ነው ጌታ ሲመጣ እንዲገኝ ያደረገው።

ለእናትሽ ራሱ ይንገራት፤ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ። ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። ሲነግራት «ቁረብ» ብላ እንዳታስገድደው አንቺ ቀድመሽ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሪ፤ እናትሽ መቁረብ እንደማይገባው ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከንስሐ አባቷ ብትሰማው ትረጋጋለች።

ስለ ልጅሽ ደግሞ፣ ክርስትና አባት ሕፃኑ መናገር በማይችልበት ጊዜ ስለ እርሱ ሰይጣንን የሚክድለት፣ በሥላሴ የሚያምንለት፣ አድጎ ሲጠይቅም የሚያስተምረው ነው። ወንድምሽ ይህን ቃል ቢሰጥ ይዋሻል፤ ስለዚህ የሚያምን ሌላ ሰው ፈልጊ። ለወንድምሽም ምክንያቱን ደብቀሽ «ሌላ ሰው ስለጠየቀኝ ነው» አትበዪው። «አንተ የማታምንበትን እንድትምል አልፈልግም» በዪው፤ እውነት ስለሚወድ ይገባዋል። አጎትነቱን ግን ማንም አይወስድበትም፤ በ40ው ቀን ጥሪው፣ ድግሱ ላይ አስቀምጪው፣ ልጁንም አሳቅፊው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።